በሐዋሳ ዕረፍት ላይ ሳሉ የረጅም ርቀት ሩጫ ልምምድን ስለ መቀጠል ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ዝግጅት ላይ ያለ ሯጭ ከቤተሰቡ ጋር ለዕረፍት ወደ ሐዋሳ ሲወርድ ሐሳቡ ለሁለት ይከፈላል። በአንድ በኩል ለወራት የደከመበት ልምምድ እንዳይባክንበት ይሰጋል፤ በሌላ በኩል ደግሞ የዕረፍቱን ቀናት በሩጫ ሸንሽኖ ቤተሰቡን ማስቀየም አይፈልግም። ከዚህ በታች የተመለሱት ጥያቄዎች ለታላቁ ሩጫ፣ ለግማሽ ማራቶን ወይም ለማራቶን የሚዘጋጁና ከሥራቸው ጎን ለጎን የሚሮጡ ሰዎች በብዛት የሚያነሷቸው ናቸው። በክለብና በአሠልጣኝ ሥር የሚሮጡ አትሌቶች ግን ከዚህ ሁሉ በፊት የአሠልጣኛቸውን ቃል ማስቀደም ይኖርባቸዋል።

አንድ ሳምንት ሙሉ ባልሮጥ እስከ ዛሬ የሠራሁት ሁሉ ይጠፋል?

አይጠፋም። ሩጫ ሲቆም በመጀመሪያ የሚቀንሰው የደም ፈሳሽ መጠን ነው፤ ይህ ለውጥ በጥቂት ቀናት ውስጥ ስለሚጀምር ከሳምንት ዕረፍት በኋላ በሚደረገው የመጀመሪያ ሩጫ ላይ ልብ ከወትሮው ፈጥኖ ሲመታ ይሰማል። ሰውነት ኦክስጅንን የመጠቀም ከፍተኛ ዐቅሙ ግን በሚታይ መጠን መውረድ የሚጀምረው ልምምድ ሙሉ በሙሉ ከቆመ ወደ ሁለት ሳምንት ሲጠጋ ነው። ጡንቻ ውስጥ በረጅም ጊዜ የተገነባው ለውጥም በአንድ ሳምንት የሚፈርስ አይደለም። ስለዚህ ከ5 እስከ 7 ቀን የሚቆይ ዕረፍት በጤነኛ ሯጭ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ትንሽ ነው፤ ድካም ሲያጠራቅም ለቆየ፣ ባቱ ወይም ቁርጭምጭሚቱ ሲያመው ለሰነበተ ሰው እንዲያውም ጥቅሙ ይበልጣል። ነገሩ የሚለወጠው ዕረፍቱ ከ10 ቀን ሲያልፍ ወይም የውድድሩ ቀን ሲቃረብ ነው፤ ያን ጊዜ ጥቂት፣ ነገር ግን በደንብ የታሰበበት ልምምድ መያዝ ያስፈልጋል።

ታዲያ በሳምንት ስንት ቀን ልሩጥ?

ለአብዛኛው ሰው ሦስት ቀን ይበቃል። ይህን በእርግጠኝነት ለመናገር የሚያስችለው በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሮበርት ሂክሰን የተባለው አሜሪካዊ ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር ያካሄዳቸው ጥናቶች ያስገኙት ውጤት ነው። የጥናቱ ተሳታፊዎች ለ10 ሳምንታት፣ በሳምንት 6 ቀን፣ በቀን 40 ደቂቃ ብርቱ ልምምድ ከሠሩ በኋላ ለሚቀጥሉት 15 ሳምንታት ልምምዱ ተቀነሰላቸው። የልምምዱ ቀናት ወደ 4 ከዚያም አልፎ ወደ 2 ሲወርዱ፣ ብርታቱ እስካልቀነሰ ድረስ፣ ኦክስጅን የመጠቀም ዐቅማቸው እንደነበረ ቆየ፤ የየቀኑ ደቂቃ ሲቀነስም ውጤቱ ተመሳሳይ ሆነ። ብርታቱ ሲቀነስ ግን ቀናቱም ደቂቃውም ባይነኩ ዐቅማቸው ወረደ።

ከዚህ የሚወጣው ትምህርት ብዙ ሯጮች ዕረፍት ላይ ከሚያደርጉት ጋር የሚቃረን ነው። ብዙዎቻችን ዕረፍት ስንሄድ በየቀኑ ቀስ ያለች ሶምሶማ እየሮጥን ልምምዳችንን ጠብቀን የቆየን ይመስለናል፤ ሆኖም ከዚያ ይልቅ ቀናቱን ቀንሶ ፈጣኑን ሩጫ ማስቀረት በብዙ ይሻላል። ለምሳሌ በሳምንት 5 ቀን 50 ኪሎ ሜትር የሚሮጡ ከሆነ በሐዋሳ 3 ቀን ከ25 እስከ 30 ኪሎ ሜትር ይሩጡ። አንዱ ቀን ከ40 እስከ 50 ደቂቃ የሚወስድ ቀላል ሩጫ ይሁን። ሌላው ቀን የፍጥነት ልምምድ ይሁን፤ 10 ደቂቃ ካሟሟቁ በኋላ 3 ደቂቃ በፍጥነት ሮጠው 2 ደቂቃ በሶምሶማ በማረፍ ይህንኑ 6 ጊዜ ይደጋግሙና በ10 ደቂቃ ሶምሶማ ያፍታቱ፤ ጠቅላላው ከ50 ደቂቃ አይበልጥም። ሦስተኛው ቀን ረዘም ላለው ሩጫ ይዋል። በሂክሰን ጥናት የየቀኑን ልምምድ ወደ 13 ደቂቃ ያወረዱት ሰዎች ኦክስጅን የመጠቀም ዐቅማቸው ባይቀንስም ለረጅም ጊዜ የመጽናት ችሎታቸው ስለቀነሰ፣ ለግማሽ ማራቶንና ለማራቶን የሚዘጋጅ ሰው ይህን ረጅም ሩጫ ባይሰርዝ መልካም ነው። ለ10 ኪሎ ሜትር የሚዘጋጅ ሰው ግን ለአንድ ሳምንት ቢተወው ምንም አይጎዳውም።

ከአዲስ አበባ ወርጄ ስሮጥ በተመሳሳይ ድካም ፍጥነቴ ጨመረ። እውነት ተሻሽዬ ነው?

ምናልባት ተሻሽለው ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ዋናው ምክንያት ከፍታው ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ስትገኝ ሐዋሳ ግን 1,700 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። በዚህ 650 ሜትር ልዩነት የተነሣ የአየሩ ግፊት በሐዋሳ 8 በመቶ ገደማ ከፍ ስለሚል በእያንዳንዱ ትንፋሽ ወደ ሳንባ የሚገባው ኦክስጅን በዚያው ልክ ይጨምራል። ከደጋ የመጣ ሯጭ የመጀመሪያዎቹን ማለዳዎች እግሩ እንደቀለለው ሆኖ የሚሰማውም በዚህ ምክንያት ነው።

አደጋውም እዚሁ ላይ ነው። ትንፋሽ ስለቀለለ ቀላል እንዲሆን የታሰበው ሩጫ ሳይታወቅ ይፈጥናል፤ ሳንባው ቢችለውም ባትና የተረከዝ ጅማት ያልለመዱትን ፍጥነት ይሸከማሉ። ስለዚህ በቀላል ሩጫ ቀን የሰዓትዎን ቁጥር ከመከተል ይልቅ ትንፋሽዎን ይመርምሩ፤ ከጎንዎ ከሚሮጥ ሰው ጋር ሙሉ ዓረፍተ ነገር እየተናገሩ መሮጥ ካልቻሉ ፍጥነቱን ይቀንሱ። በፍጥነት ልምምድ ቀን ግን ይህን ዕድል ቢጠቀሙበት ደስ ይለኛል፤ ደጋ ላይ የማይደርሱበትን ፍጥነት እግርን ማስለመድ ለውድድር ይጠቅማልና።

ሙቀቱን እንዴት ልቋቋመው?

ከፍታው የሰጠውን ጥቅም ሙቀቱ በከፊል ይወስደዋል። በሐዋሳ ቀትር ላይ የሚኖረው ሙቀት በበጋ ወራት ወደ 30 ዲግሪ ሴልሺየስ የሚጠጋበት ጊዜ አለ፤ ሰውነት ሙቀትን በሚገባ ለመልመድ ደግሞ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ስለሚፈጅበት የዕረፍት ጊዜው ከማለቁ በፊት ሙሉ በሙሉ አይለምድም። መፍትሔው ሰዓት መምረጥ ነው። ንጋት ላይ፣ ከ12 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ መሮጥ ከሁሉም ይሻላል፤ ከቀኑ 4 ሰዓት በኋላ ረጅም ሩጫ መጀመር ግን አይመከርም። ማለዳ ያልተመቸው ሰው ከ11 ሰዓት በኋላ ሊሮጥ ይችላል፤ ነገር ግን መንገዱ በዚያ ሰዓት በሰውና በባጃጅ የተሞላ ነው።

ከአንድ ሰዓት በታች ለሚወስድ የማለዳ ሩጫ ከመነሣትዎ በፊት ውኃ መጠጣት ይበቃል፤ ከዚያ ለሚረዝም ግን ውኃ ይዞ መሄድ ወይም በየመንገዱ ካሉ ሱቆች መግዣ የሚሆን ገንዘብ መያዝ ያስፈልጋል። ላብ ያወጣውን ጨው በተለመደው የቤታችን ምግብ መተካት ስለሚቻል ለዚህ ብሎ የተለየ መጠጥ መግዛት አያስፈልግም። በሩጫ መካከል ብርድ ብርድ ካለዎት፣ ከዞረብዎት ወይም አእምሮዎ ግራ ከተጋባ ወዲያውኑ ያቁሙ፣ ጥላ ይፈልጉ፣ ራስዎንና አንገትዎን በውኃ ያርጥቡ፤ በቶሎ ካልተሻለዎት ሕክምና ያስፈልግዎታል።

ሐዋሳ ውስጥ የት ልሩጥ?

ከተማዋ ለሯጭ የተመቸች ናት፤ አብዛኛው ክፍሏ ሜዳ ነው፣ ዋና ዋና መንገዶቿም ሰፋፊና ዛፍ የተተከለባቸው ናቸው። ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ ግማሽ ማራቶን አዘጋጅቶባት ያውቃል፤ ኃይሌ ገብረሥላሴም ከሆቴሎቹ አንዱን የሠራው በዚህችው ከተማ ሐይቅ ዳርቻ ነው።

ለቀላል ሩጫ ፍቅር ሐይቅ ከሚባለው የሐዋሳ ሐይቅ ዳርቻ መዝናኛ ስፍራ ተነሥቶ የሐይቁን ዳር ይዞ የሚሄደው የእግር መንገድ ተመራጭ ነው። ማለዳ ላይ በዚያ የሚያገኟቸው በእግር የሚንሸራሸሩ ሰዎች፣ ስፖርት የሚሠሩ ወጣቶችና ከሐይቁ የሚመለሱ ዓሣ አጥማጆች ናቸው፤ አሞራ ገደል ወደሚባለው የዓሣ ገበያ ሲጠጉ ደግሞ የዓሣውን ትራፊ የሚጠብቁት አባ ኮዳ የተባሉ ትልልቅ ወፎች ቆመው ይታያሉ። መንገዱ ሜዳ ስለሆነ ትንፋሽን ሳይረብሹ ለመሮጥ ያመቻል። ይሁን እንጂ ከጠዋቱ 2 ሰዓት በኋላ ጎብኚው ስለሚበዛ በፍጥነት ለመሮጥ አይሆንም። ዛፎቹ ላይ የሚውሉት ጦጣዎችና ጉሬዛዎች ሯጭን አይነኩም፤ ምግብ በእጅ ይዞ ማለፍ ግን ጦጣን መጥራት ነው።

ለፍጥነት ልምምድ፣ በተለይ ዕለተ እሑድ ማለዳ፣ ከቅዱስ ገብርኤል ቤተ ክርስቲያን ወደ ሐይቁ የሚወስደው ሰፊ አስፋልት መልካም ነው። መንገዱ ቀጥ ያለ በመሆኑ የ3 ደቂቃውን ፈጣን ሩጫ ሳይታጠፉ መጨረስ ይቻላል። ነገር ግን የገብርኤል ክብረ በዓል በሚውልባቸው በታኅሣሥ 19 እና በሐምሌ 19፣ እንዲሁም በዋዜማዎቻቸው፣ ከየአገሩ የሚመጣው ምእመን ከተማዋን ስለሚሞላት በዚያ አካባቢ መሮጥ አይቻልም፤ ለምእመናኑም ተገቢ አይሆንም። የሲዳማ ሕዝብ ዘመን መለወጫ የሆነው ፍቼ ጨምበላላ በሚከበርበት ሰሞንም በሐይቁ ዳር የሚገኘው ጉዱማሌ በበዓሉ አክባሪዎች ይሞላል። ዕረፍትዎ በዚያ ሰሞን ከዋለ ሩጫውን ለሌላ ቀን አስተላልፈው በዓሉን እንዲያዩ እመክራለሁ፤ በ2015 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የተመዘገበ ቅርስ ነውና ሌላ ቦታ አያገኙትም።

ዳገት ለሚፈልግ ሯጭ ታቦር ተራራ በከተማዋ ውስጥ ይገኛል፤ ከአናቱ ላይ ሐይቁና ከተማው በሙሉ ይታያሉ። አቀበቱ ጠንከር ያለ ስለሆነ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሄድ ሰው እየተራመደ ወጥቶ መንገዱን ቢያጠና ይሻለዋል። ወደ ደቡብ ያለው የአላሙራ ተራራም እንዲሁ ለዳገት ልምምድ ይሆናል፤ ወደ ሁለቱም ግን ብቻዎን ከመሄድ ይልቅ ከአካባቢው ሯጮች ጋር ቢሄዱ መልካም ነው። ቁልቁለቱን በፍጥነት አይውረዱት፤ ያልለመደ ጭን ከቁልቁለት ሩጫ በኋላ ለሁለት ለሦስት ቀን በሕመም ሊቆይና የዕረፍቱን ቀሪ ልምምድ ሊያሳጣዎት ይችላል።

ሁለት ቦታዎችን አልመክርም። የመጀመሪያው በጥቁር ውኃ በኩል ወደ ሻሸመኔ የሚወስደው አውራ ጎዳና ነው፤ የጭነት መኪናና የሕዝብ ማመላለሻ የሚበዛበት በመሆኑ ለረጅም ሩጫ ቀጥተኛነቱ ቢያጓጓም ለሕይወት ያሰጋል። ሁለተኛው በየሰፈሩ ውስጥ የተነጠፈው ኮብልስቶን ነው። ለቀስታ እርምጃ የሚመች ቢሆንም የድንጋዮቹ ወጣ ገባነት ቁርጭምጭሚትን ስለሚያጥፍ፣ በተለይ በሐምሌና በነሐሴ ዝናብ ሲያንሸራትት፣ በእርምጃ ይለፉበት።

ሐይቁ ውስጥ መዋኘት ሩጫን ይተካልኛል?

ሐይቁ ውስጥ እንዳይዋኙ እጠይቅዎታለሁ። በሐዋሳ ሐይቅ ዳርቻ ቢልሃርዚያ አለ፤ የበሽታው ጥገኛ ተሕዋስ ከቀንድ አውጣ ወጥቶ በውኃው ውስጥ በሚንሳፈፍበት ጊዜ በቆዳ በኩል ስለሚገባ ጥቂት ደቂቃ በውኃው ውስጥ መቆየት እንኳ ለመያዝ ይበቃል። ጉማሬም አለ። በሆቴሎች የመዋኛ ገንዳ ውስጥ መዋኘት ግን ለልብና ለሳንባ ጥሩ ነው፤ ከረጅሙ ሩጫ ማግስት 30 ደቂቃ መዋኘት የደከመ እግርን ያሳርፋል። ሆኖም እግር መሬት ሲመታ የሚያገኘውን ጥንካሬ ስለማይሰጥ የፍጥነት ልምምዱን ቀን በዋና አይተኩት። እግሩን አሞት መሬት ላይ መሮጥ ያልቻለ ሰው በገንዳው ጥልቅ ክፍል ተንሳፋፊ ቀበቶ ታጥቆ በውኃ ውስጥ ቢሮጥ ከዋና ይልቅ ወደ ሩጫ የቀረበ ልምምድ ያገኛል።

ስለ ወባ መጨነቅ አለብኝ?

መጠንቀቅ አለብዎት። ሐዋሳ የወባ ትንኝ ባለበት ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ በአዲስ አበባ የኖረ ሰው ደግሞ በሽታውን የመቋቋም ዐቅም የለውም። ትንኟ በይበልጥ የምትናደፈው ከምሽት እስከ ንጋት ስለሆነ በአጎበር ውስጥ ይተኙ፤ በሐይቁ ዳር ምሽት ላይ ወይም ጎሕ ሳይቀድ የሚሮጡ ከሆነ እጅጌና እግሩ ረጅም የሆነ ልብስ ይልበሱ፣ የትንኝ መከላከያ ቅባትም ይቀቡ። ሯጮችን በተለይ ላስጠነቅቅ የምፈልገው ከተመለሱ በኋላ ስላለው ጊዜ ነው። የወባ ምልክት ከንድፊያው በኋላ ከአንድ ሳምንት እስከ ሁለት ሳምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ ዘግይቶ የሚታይ በመሆኑ፣ ቤትዎ ከገቡ በኋላ የሚመጣውን ትኩሳትና የመገጣጠሚያ ሕመም የልምምድ ድካም ነው ብለው አይለፉት፤ ተመርመሩ ሳይባሉ ወደ ጤና ተቋም ሄደው የደም ምርመራ ያድርጉ። ትኩሳት ይዞ መሮጥ በማንኛውም ምክንያት ቢሆን ክልክል ነው።

ዓሣውና ሌላው ምግብ ልምምዴን ይጎዳል?

ቆሮሶ የሚባለው የሐዋሳ ዓሣ ለሯጭ ጥሩ ምግብ ነው፤ ፕሮቲኑ ጡንቻን ይጠግናል፣ ስቡም ጥቂት ነው። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው አዘገጃጀቱ ላይ ነው። በዘይት በደንብ የተጠበሰ ዓሣ በሆድ ውስጥ ስለሚከብድ ከረጅም ሩጫ በፊት ባለው ምሽት ከመብላት ይልቅ ከሩጫው በኋላ ለምሳ ቢበሉት ይሻላል፤ ለዋዜማው ምሽት ጉላሽ ወይም ሾርባ ከሩዝ ወይም ከእንጀራ ጋር ተስማሚ ነው። በአሞራ ገደል በጥሬው ተከትፎ የሚቀርበውን ዓሣ ግን ጨርሶ ባይሞክሩት እመርጣለሁ፤ የሆድ ሕመም አንዴ ከጀመረ የሳምንቱን ልምምድ ሁሉ ይወስዳል። ከሲዳማ ምግቦች መካከል ከእንሰት የሚዘጋጀው የቡላ ገንፎ ጉልበት ሰጪ ስለሆነ ለረጅም ሩጫ ዋዜማ የሚሆን ነው፤ ቅቤው ግን በልክ ይሁን። ማለዳ ከመነሣትዎ በፊት ሆድ የማይከብድ ነገር ከፈለጉ ከቤትዎ ትንሽ በሶ ይዘው ይምጡና በውኃ በጥብጠው ይጠጡ።

ጾም ላይ ብሆንስ?

እስከ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ ምንም የማይቀምስ ጿሚ የፍጥነት ልምምዱንና ረጅሙን ሩጫ ከመግደፊያው ሰዓት በፊት ባሉት ሁለት ሰዓታት ውስጥ ቢያደርግ ወዲያው ለመብላትና ለመጠጣት ይችላል ይባላል፤ በሐዋሳ ግን ያ ሰዓት የቀኑ ሙቀት ያልበረደበት በመሆኑ በውኃ ጥም መሮጥ አደገኛ ነው። የተሻለው መንገድ ልምምዱን ከ11 ሰዓት ተኩል በኋላ፣ ምግቡና ውኃው ከተዋሐደ በኋላ ማድረግ ነው። በረመዳን የሚጾም ሯጭም ከኢፍጣር በኋላ ሁለት ሰዓት ያህል ቆይቶ ብርሃን ባለበት ቦታ ቀላል ሩጫ ቢሮጥ ይበቃዋል። ጾሙና ዕረፍቱ በአንድ ላይ ከዋሉ ረጅሙን ሩጫ ለዚያ ሳምንት መተው ምንም ነውር የለበትም።

ቤተሰቤ በሩጫዬ ምክንያት ዕረፍቱ ተበላሸብን እንዳይል ምን ላድርግ?

ሦስቱን የሩጫ ቀናት ከመነሣትዎ በፊት ለባለቤትዎና ለልጆችዎ ይንገሩ፤ ሌሎቹ ቀናት የእነርሱ እንደሆኑም በግልጽ ይናገሩ። ሰው የሚቀየመው በሩጫው ሳይሆን መቼ እንደሚመለሱ ሳያውቅ ቁርስ ሳይቀርብ ሲጠብቅ ነው። ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል ወጥተው 1 ሰዓት ተኩል ላይ ቢመለሱ ልጆቹ ሳይነሡ ታጥበው ይጠብቋቸዋል። ለዚህ ግን ማታ በጊዜ መተኛት ያስፈልጋል። ከፍጥነት ልምምዱና ከረጅሙ ሩጫ በፊት ባሉት ሁለት ምሽቶች ቢራውንና የሌሊቱን ጨዋታ ይተዉ፤ በቀሩት ምሽቶች ከወዳጆችዎ ጋር ቢያመሹ ልምምድዎ አይጎዳም።

ሴት ነኝ፤ ብቻዬን መሮጥ እችላለሁ?

በማለዳ በፍቅር ሐይቅና በዋናው መንገድ ላይ ስፖርት የሚሠሩ ሴቶች ይታያሉ። ቢሆንም ሙሉ በሙሉ ሲነጋ ይውጡ፣ ሰው ከሚታይበት መንገድ አይውጡ፣ የሚሮጡበትን መንገድና የሚመለሱበትን ሰዓት ለአብሮ አዳሪዎ ይንገሩ። ወደ ታቦርና ወደ አላሙራ ብቻዎን አይሂዱ።

በደረስኩበት ቀን ልሩጥ?

ከአዲስ አበባ ሐዋሳ በመኪና 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ይህን ያህል መንገድ ተቀምጦ የመጣ ሰው እግሩ ያብጣል፣ የጭኑ የኋላ ጡንቻም ይኮማተራል። በዚያ ቀን ግማሽ ሰዓት በሐይቁ ዳር መራመድ ይበቃል። የፍጥነት ልምምድ ከደረሱ ከሦስተኛው ቀን በፊት ባይሆን ይመረጣል።

ስመለስ ያመለጠኝን ኪሎ ሜትር እንዴት ላካክስ?

አያካክሱት። የቀረውን 20 ወይም 25 ኪሎ ሜትር በሚቀጥለው ሳምንት ላይ መጨመር ብዙ ሯጮችን ለባትና ለተረከዝ ጅማት ጉዳት ይዳርጋቸዋል። አዲስ አበባ ሲመለሱ አየሩ እንደገና ስለሚሳሳ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቀናት በቀላል ሩጫ ያሳልፉ፤ ሐዋሳ ላይ ያዩትን ፍጥነት ደጋ ላይ ለመድገም አይሞክሩ። ከዚያ በኋላ ከዕረፍቱ በፊት የነበረውን መርሐ ግብር ከቆመበት ይቀጥሉ።

የዕረፍቱን ጊዜ የመምረጥ ዕድል ካለዎት ግን ከውድድሩ ጋር አስተያይተው ይምረጡት። ማራቶን የሚሮጥ ሰው ረጃጅሞቹን ሩጫዎች የሚያደርገው ከውድድሩ በፊት ባሉት ከ3 እስከ 8 ሳምንታት ውስጥ ስለሆነ በዚያ ጊዜ ዕረፍት ባይወጣ ይሻለዋል፤ የመጨረሻዎቹ ሁለት ሳምንታት ግን ልምምድ የሚቀነስባቸው በመሆናቸው ከዕረፍት ጋር ይስማማሉ፤ ሆኖም ከውድድሩ ቢያንስ አምስት ቀን አስቀድሞ ወደ ቤት መመለስ ያስፈልጋል። በኅዳር ለሚካሄደው የታላቁ ሩጫ 10 ኪሎ ሜትር የሚዘጋጅ ሰው ደግሞ ሐዋሳን በመስከረም መጨረሻ ቢያያት ከተመለሰ በኋላ ለዋናው የፍጥነት ልምምድ ወደ ስድስት ሳምንት ያህል ይቀረዋል።